አምፕሊፋየርን ከስፒከር ያስታረቁት እትዬ ዘሀራ

ሐሙስ ማለዳ የቅሬያችን ጥሩምባ ሲነፋ ወፍጮዬን ገና አላስነሳሁም ነበር። ቅሬ የሚባለው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ የሚቀባበርበት የሰፈራችን ማኅበር ነው። ጠሪው በደጃችን ሲያልፍ የቴፕ ቤቷ እትዬ ዘሀራ ይመር ማረፋቸውን ተናገረ። ታመው ሰንብተዋልና ድንገተኛ ሞት ነው አልልም። ነገር ግን በዚያ ማለዳ መካነ ሰላም ውስጥ ሥራውን በሰዓቱ የጀመረ ሰው አላየሁም።

ልጆቻቸው ስለ እናታቸው አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቁኝ «የተማረ ሰው ፈልጉ» ብያቸው ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት እህል በሚመጣበት ጆንያ ላይ የታተመውን አንድ በአንድ በመፍታት ነው። ትልቁ ልጃቸው ግን «ጋሽ ወርቁ፣ እናታችንስ የት ተምራ ነው?» አለኝ። ስለዚህ ያየሁትን እጽፋለሁ። ያላየሁትን አልጨምርም፤ በሟች ላይ የሌለ ነገር የሚጨምር ሰው ሟቹን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያስጌጠው።

እትዬ ዘሀራ የአቶ ሰይድ ባለቤት ነበሩ። አቶ ሰይድ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ እንደነበር የዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ ያስታውሳሉ። እሳቸው ሲሞቱ ሰዉ ሁሉ ሱቁ ይሸጣል ብሎ ነበር። እትዬ ዘሀራ ባል የሞተባት ሴት የምትቆየውን የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳቸውን ጨርሰው፣ የሐዘን ልብሳቸውን አውልቀው፣ በማግስቱ በሩን ከፈቱ። የመጀመሪያው ደንበኛ ሬዲዮ በብብቱ ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ «ጠጋኙ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጠጋኙ ሞቷል» አሉት። «መበየጃው ግን አልሞተም። አስቀምጠውና ነገ ተመለስ።»

በማግስቱ ሲመለስ ሬዲዮው ይናገር ነበር። ባላቸው ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጠው ለዓመታት ያዩትን እጃቸው ይዞት ኖሯል። ያላዩትን ደግሞ እያበላሹ፣ እየፈቱ፣ እንደገና እየገጠሙ ተማሩ። ማንም ያስተማራቸው የለም። ይህን የምጽፈው በኩራት ነው፤ እኔም በዚያ መንገድ ያለፍኩ ስለሆንኩ የመንገዱን ዳገት አውቀዋለሁ።

ስማቸው የገነነው ግን በሬዲዮ ጥገና አልነበረም። አሮጌ አምፕሊፋየርን ከሚስማማው የቤት ስፒከር ጋር በማገናኘት ነው። ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአገራችን አሮጌ ዕቃ የሚመጣው ተለያይቶ ነው፤ አምፕሊፋየሩ አዲስ አበባ ካለ አጎት ቤት፣ ስፒከሮቹ ከተዘጋ ሻይ ቤት፣ ሽቦው ከየትም። ባለቤቱ ሁለቱን ያገናኝና «አይጮኽም» ወይም «ተቃጠለ» እያለ ይመጣል። እትዬ ዘሀራ እንዲህ ያለውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ አልነበረም። ስለ ቤቱ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር? ኮርኒስ አለው ወይስ ቆርቆሮው ራቁቱን ነው? ማን ነው የሚያደምጠው? ከዚያ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው ከጀርባው የተጻፈውን ያነባሉ፤ ያልተጻፈውን ወይም የጠፋውን በቴስተር ይለካሉ።

ሲሞክሩ ዘፈን አይከፍቱም። ሬዲዮ ላይ ዜና የሚያነብ ሰው ይፈልጉና ጀርባቸውን ለስፒከሩ ሰጥተው ያደምጣሉ። «ዘፈን ጉድለትን ይሸፍናል፤ ወሬ አይሸፍንም» ይሉ ነበር። አንባቢው በአፍንጫው የሚናገር ከመሰላቸው፣ ወይም ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ከሆነባቸው፣ ያን ስፒከር ለዚያ ማሽን አይሰጡም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ምንም አያገናኙም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮ ፍርድ መስጠት እንደማይችል ይናገራሉ። «በክረምት ስፒከር አይመረጥም፤ መስከረም ላይ ና» ብለው የመለሱትን ደንበኛ ሌላ ሱቅ ሲወስደው አይተው አያውቁም አልልም። ያዩታል። ቃላቸውን ግን አይለውጡም።

አንድ ጊዜ እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ወጣት መጣ። በቅርቡ ወደ መካነ ሰላም የተዛወረ ነው። ጎኑ እንጨት የሆነ፣ ትንሽ፣ ያማረ አሮጌ አምፕሊፋየር ይዟል። ከበስተኋላው ደግሞ ሁለት ሰዎች ከመጠጥ ቤት የገዛቸውን ሁለት ግዙፍ ስፒከሮች ተሸክመውለታል።

«ክፍልህ ምን ያህል ናት?» አሉት።

«የኪራይ ቤት ናት እትዬ። አልጋና ጠረጴዛ ከገባባት በኋላ ለእኔም አልተረፈች።»

«ታዲያ እነዚህን ቁም ሣጥኖች ስታስገባ አንተ ውጭ ልታድር ነው?»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ልጁ ግን ቆፍጣና ነበርና «ትልቅ ስፒከር ትልቅ ድምፅ ይሰጣል ብዬ ነው» አለ።

«ትልቅ ማለት ተስማሚ ማለት አይደለም፤ ልጄ። ይህ ማሽን ሽማግሌ ነው። ድምፁ ጣፋጭ ነው፤ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። እነዚያን ለማንቀሳቀስ ብርቱ ማሽን ይፈልጋል። አንተ ድምፁ አነሰ ብለህ እስከ መጨረሻው ስትከፍተው እሱ ይጮህብሃል፤ ሲጮህ ደግሞ ድምፁ ይሰነጣጠቅና የስፒከሩን ስስ ስስ አካል ይበላዋል። ለእሱ በትንሽ ጉልበት የሚነቃ ስፒከር ነው የሚያስፈልገው።»

ከመደርደሪያው ሁለት መካከለኛ ስፒከሮች አውርደው ሰጡት። ዋጋውን ሲጠይቅ አልነገሩትም። «ወስደህ በቤትህ ስማው። ጆሮ በሰው ሱቅ ያፍራል። ከግድግዳው ትንሽ ሳብ አድርገህ አስቀምጣቸው፤ ግድግዳ ከተጠጉ ድምፃቸው እንደ ጎረምሳ ይወፍራል። ካልወደድካቸው መልሳቸው።» የሚገዛውን ሰው አስቀድሞ ዕቃ አስይዞ መስደድ በእኔ ሥራ ሞኝነት ነው። እሳቸው ግን ከዚህ ልማድ ወጥተው አያውቁም፤ ሳይሰማ የገዛ ሰው በሱቃቸው አልነበረም።

ስለ ሥራቸው ለማስረዳት የሚናገሩት ለማንም የሚገባ ነበር። በስፒከር ጀርባ የሚጻፈው ኦም ምን እንደሆነ የጠየቅኋቸው ዕለት እንዲህ አሉኝ፤ «ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ እንቢ የሚልበት ልክ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ይይዘዋል፤ ዝቅ ካለ ይለቀዋል። ስምንት የለመደ ማሽን ላይ አራት ወይም ከዚያ በታች ብታስርበት፣ የሚይዘው ያጣና እንደ ቁልቁለት ከብት ይሮጣል። ሮጦ ሮጦ ይቃጠላል።»

እኔ ልጆቼን አጥብቄ ያሳደግሁ ሰው ነኝና ነገሩ ደስ አለኝ። «ለልጅም እንዲሁ ነው እትዬ። እሺ ብቻ የሚል አባት ልጁን ያቃጥላል» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ኦምህ በዝቷል ወርቁ። ከአንተ ቤት ድምፅ አይወጣም» አሉኝ።

ይህን አባባላቸውን አልወደድኩትም። ግን ትክክል የነበረበት ነገር አለ።

ደግነታቸውን ከመጥቀስ አላልፍም። ከማሻ በኩል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን አምፕሊፋየርና ስፒከሮች በጭነት መኪና አስመጥታ ሽጡልኝ ብላቸው ነበር። የስፒከሮቹን ዳር ዳር የሚይዘው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት እንደ አሮጌ ቂጣ ተፈርፍሯል። እትዬ ዘሀራ ፍርፋሪውን በጥንቃቄ ጠርገው፣ ከለስላሳ የፍየል ቆዳ ክብ አድርገው ቆርጠው ለጠፉበት። ሠርተው ሲጨርሱ ለሴትዮዋ ላኩባትና መጥታ እንድትሰማው አደረጉ። ሴትዮዋ የሬዲዮውን ድምፅ ከሰማች በኋላ «አልሸጠውም» አለች። እትዬ ዘሀራ የድካማቸውን አልጠየቁም። «አብሽሪ፤ ዕቃው ባለቤቱን አገኘ» ብለው ዕቃውን በጆንያ ጠቅልለው በጭነት መኪና ሸኟት። ለእሳቸው ትክክለኛው የማገናኘት ሥራ ይህም ነበር።

አሁን ስለ ልጄ ስለ ስንዱ ሰርግ ልጻፍ። እትዬ ዘሀራን ማን እንደነበሩ ለማያውቅ ሰው ይህን አንድ ቀን መንገር ይበቃል።

ከግድግዳ ጎረቤቴ ከአቶ አስፋው ጋር ከብዙ ክረምት ወዲህ ተኳርፈን ነበር። ጠቡ የጣሪያ ውሃ ነው። ከቆርቆሮዬ የሚወርደው ዝናብ ግቢውን እያረሰው እንደሆነ ይናገራል፤ እኔ ደግሞ ውሃው ከጥንት የሚሄድበት ቦይ ነበረው፣ የደፈነው እሱ ነው እላለሁ። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፤ አልሆነም። በቅሬው ስብሰባ እሱ በቀኝ ከተቀመጠ እኔ በግራ እቀመጣለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም የጫማችንን ማሰሪያ እናያለን።

በእኛ አገር ሰርግ ሲሆን ጎረቤት ያለውን ያመጣል። ድሮ አግዳሚና ድስት ነበር፤ አሁን ስፒከርም ተጨምሮበታል። የመጣ ዕቃ አይመለስም። ዕቃ መመለስ ሰውየውን መመለስ ነው። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ በስፒከር ላይ ሲሆን ግን ብዙ ማሽን አቃጥሏል። አንዱ ያመጣል፣ ሌላው ያመጣል፣ ሁሉንም በአንድ አምፕሊፋየር ላይ ያስሩታል፤ ማንም እንዳይከፋ ሲሉ ማሽኑ ይነዳል።

ለስንዱ ሰርግ እትዬ ዘሀራ የአቶ ሰይድን ማሽን አወጡ። ይህ አምፕሊፋየር ባላቸው ትተውት የሄዱት ነው፤ ፊቱ ላይ ሁለት መርፌዎች እየተወዛወዙ የድምፁን ልክ ያሳያሉ፤ ክብደቱ የአንድ ጎረምሳ ሸክም ነው። ለማንም አውሰውት አያውቁም። ማንኛውንም ስፒከር የሚፈትሹት በእሱ ስለሆነ እንጀራቸው በእሱ ላይ ነበር። የውስጡ ትራንዚስተሮች ከተቃጠሉ ደግሞ የሚተካ የለም፤ በደሴም በአዲስ አበባም ፈልገው አጥተዋል። ባለቤቴ «ይቅር እትዬ፣ አደጋ ላይ አይጣሉት» ብትላቸው «ስንዱን በኪራይ ጩኸት አልድራትም» አሏት።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ፣ እትዬ ዘሀራ የራሳቸውን ሁለት ስፒከሮች ግራና ቀኝ አቁመው ሳለ፣ አቶ አስፋው በጋሪ ሁለት ስፒከር ጭኖ መጣ። ከድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ወደ ማንም ሳያይ «ለድግሱ ነው» አለ።

ሥራ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እጁን አቆመ። ሁላችንም ምን እንደመጣ አውቀናል። የመጣው ስፒከር ብቻ አልነበረም። እኔ በበኩሌ ይመለስ ባይ ነበርኩ፤ ያን ያህል ክረምት ሰላም ያላለኝ ሰው ዛሬ በሰው ፊት መጥቶ ደግ ለመባል ነው ብዬ ነበር።

እትዬ ዘሀራ ጎንበስ ብለው የስፒከሮቹን ጀርባ አነበቡ። የባለቤቴ ወንድም ተሾመ ተጠጋቸው።

«ማሽኑ ይችላቸዋል እትዬ?»

«እነዚህ አራት አራት ኦም ናቸው። በእኔዎቹ ላይ ከተደረቡ ማሽኑ ይሞታል።»

«እንግዲያ ዳር እናቁማቸውና ሽቦ አንስጣቸው። ሰው በተሰበሰበበት የትኛው እንደሚጮህ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉት። «የመጣን ሰው አፉን አስረን ሰርግ ቤት አናስቀምጠውም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልል እንደሆነ ከፊቴ አንብበውታል። «አንተ ዛሬ የሙሽራ አባት ነህ። ሥራህ እንግዳ መቀበል ነው። የሽቦውን ለእኔ ተው።»

እኔም ወደ በሩ ሄጄ «ግባ» አልኩት። ይህቺ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

እትዬ ዘሀራ ያደረጉትን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከራሳቸው ሁለት ስፒከሮች አንዱን ፈተው አወጡ። በግራ በኩል የራሳቸውን አንዱን ብቻ ተዉ። በቀኝ በኩል የአቶ አስፋውን ሁለቱንም አንዱን ከአንዱ ጋር አያይዘው በተርታ አሰሯቸው፤ ኤሌክትሪኩ የመጀመሪያውን አልፎ ወደ ሁለተኛው እንዲሄድ ማለት ነው። አራትና አራት ሲደመር ስምንት ሆነ። ማሽኑ በሁለቱም ጎን የለመደውን አገኘ። ከዘፈኑ ግማሹ በአንድ ወገን እንዳይቀር ሞኖ የምትለውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ነገር እንዲናገር። የእሳቸው ስፒከር ደመቅ የሚል ስለሆነ ደግሞ ሚዛን የሚጠብቀውን ቁልፍ ወደ አቶ አስፋው በኩል ትንሽ ትንሽ እያዞሩ፣ ድንኳኑ መሐል ቆመው ዜና አንባቢውን አደመጡ። ሁለቱም ጎን እኩል ሲናገሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የራሳቸውን የተፈታ ስፒከር ተሾመ ወደ ጓዳ ሊያስገባ ሲያነሳው «ጨርቅ ጣል አድርግበት፤ ወጥ እንዳይነካው» ከማለት ሌላ ምንም አላሉም።

እድምተኛው ገባ፤ ምሳው ተበላ፤ ጭፈራው ተጀመረ። ሙስሊሙ በአንድ ወገን ክርስቲያኑ በሌላ ወገን እንደ ሥርዓቱ ተስተናገደ፤ ሲጨፈር ግን ወገን አልነበረም። እትዬ ዘሀራ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው የእጃቸውን ጀርባ በክዳኑ ላይ አኑረዋል። እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታይ ማሽን ሲሠራ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚይዙት። ለመብላት ብቻ ትንሽ ተነሱ።

በዚያች ጊዜ ውስጥ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ መሐመድ ደረሰ። ደግ ሰው ነው፤ ባዶ እጁን ከሰርግ ቤት አይገባም። የቤቱን ሁለት ስፒከሮች አምጥቶ፣ ከማሽኑ ኋላ ባዶ ቀዳዳ ቢያይ ማንንም ላለማስቸገር ብሎ ራሱ ሰካቸው። ድምፁ ሲጨምር ሰዉ እልል አለ።

እትዬ ዘሀራ እልልታውን ሰምተው ጉርሻቸውን ሳይጨርሱ ተመለሱ። እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጣል አድርገው ወዲያው አነሱት፤ ማሽኑንም አጠፉት። እግር በአየር ላይ ቀረ። መርፌዎቹ ተኝተዋል። እትዬ ዘሀራን ገርጥተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ስፒከር በዝቷል። አንዱ ወገን መውጣት አለበት» አሉ።

ያ ሁሉ ዐይን ወዴት እንደዞረ መገመት አይከብድም። አቶ አስፋው ከስፒከሮቹ ጎን ተቀምጦ ነበር። ተሾመ ሳይጠየቅ ተነስቶ እጁን ወደ አስፋው ሽቦ ዘረጋ። አስፋውም ሊነሳ ነጠላውን ሰበሰበ፤ ቢወጣ ከዚያ በኋላ የእኔን ደጅ በሕይወቱ አይረግጥም ነበር፤ ይህን እኔም እሱም አውቀናል።

እትዬ ዘሀራ የተሾመን እጅ በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «አትንካ። እሱ ተለክቶ ነው የገባው።»

አቶ መሐመድ የሆነውን ገና ያን ጊዜ ተረዳ። ራሱን እየያዘ ተነስቶ «ያ ረቢ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልጠይቅ ገባሁ፤ ሳልጠየቅ ልውጣ» አለና ሽቦውን ነቀለ። ሰዉ ሳቀ። «አንተ ከነሰውነትህ ተቀመጥ፤ ሽቦህ ብቻ ነው የወጣው» አሉት እትዬ ዘሀራ።

ነገር ግን ማሽኑ ግሎ ነበር። ይዳን አይዳን አልታወቀም። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረብን፤ በሰርግ ቤት ደግሞ ዝምታ ከባድ ነገር ነው። እትዬ ዘሀራ ክዳኑን በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡ ቀና አሉ።

«አቶ አስፋው፣ ይህ እስኪቀዘቅዝ ሙሽሮቹን ይመርቁልን። ከጎረቤቱ ታላቅ አንቱ ነዎት።»

ምርቃት ሲጀመር በወሎ የማይመልስ ሰው የለም። ሙሽራዋ ደግሞ የእኔ ልጅ ናት፤ በልጄ ላይ ለወረደ ምርቃት አሜን አልልም ማለት እርግማን ነው። አስፋው ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትዳራችሁ ይጽና።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ።

«ማጀታችሁ አይጉደል። ልጅ ይስጣችሁ፤ ለልጁም አደብ ይስጠው።»

«አሜን።»

እኔ ከንፈሬን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። እትዬ ዘሀራ ከማሽኑ ሳይነሱ «የአባትየው አልተሰማም» አሉ። አስፋው ወደ እኔ ዞር አለ። ብዙ ክረምት ፊት ለፊት አልተያየንም ነበር፤ ሸብቷል።

«ጣሪያችሁ አያፍስስ» አለ ቀስ ብሎ። «ያፈሰሰ እንደሆነም ጎረቤታችሁ ቻይ ይሁን።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የስንዱ ሚዜዎች እንኳ ነገሩን ያውቁት ኖሯል። እኔም መሳቄን የተረዳሁት ከሳቅሁ በኋላ ነው። «አሜን» አልኩት፤ ጮክ ብዬ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምርቃት ሁሉ ከሰዉ ጋር መለስኩ፤ ብዙም ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ክዳኑ ላይ አኖሩ። «ቢስሚላህ» ብለው ቁልፉን ጫኑ። መርፌዎቹ ተነሱ። ድምፁ በግራም በቀኝም እኩል ወጣ።

ከሰርጉ በኋላ ማሽኑን እየመለስን ሳለ ጠየቅኋቸው፤ በእውነት ያን ያህል ጊዜ ያስፈልገው ነበር?

«ግማሹ ምርቃት ይበቃው ነበር» አሉኝ። «አስፋውን ግን አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል?»

ቦዩን ከአስፋው ጋር አብረን ቆፈርነው። ጥፋቱ የማን እንደነበር ዛሬም አልተስማማንም፤ እኔ አሁንም የደፈነው እሱ ነው እላለሁ። ግን ይህን የምለው እሱ ቤት ተቀምጬ ነው።

እትዬ ዘሀራን ለምታውቁ ሁሉ፣ በተለይም ለወጣቶች አንድ ነገር ልበል፤ ምክር ማብዛቴን ታውቃላችሁና ታገሡኝ። እሳቸው በማንም ላይ አልጮኹም፤ የሰውንም ዕቃ አላንቋሸሹም። የማይስማማውን አይስማማም ብለው በፊት ለፊት ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። እንዴት እንደሚስማማ ይፈልጋሉ። ለዚህም የራሳቸውን አውጥተው የሰውን አስገቡ። ብዙ ሰው እውነት መናገር ብቻ ይበቃል ብሎ ያስባል፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። እውነት ተናግሮ ሥራውን መጨረስ እንዳለ ያየሁት በእሳቸው ነው።

በሕመማቸው ወራት ከአስፋው ጋር ሆነን እንጠይቃቸው ነበር። ድካም ስለበረታባቸው እንዳናስቸግራቸው ብለን ዝም ብለን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ቀስ ብላችሁ አውሩ፤ ግን አውሩ» አሉን። እኛም ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ስንዱ ልጅ እያወራን አመሸን። ሲያደምጡን ፊታቸው ላይ ያንን ጀርባቸውን ሰጥተው ዜና ሲሰሙ የነበረውን ገጽታ አየሁ። የምናወራው ምን እንደሆነ ሳይሆን ድምፃችን እንዴት እንደሆነ የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ዘሀራ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። በሕይወትዎ ሳሉ ማመስገን አልሆነልኝም፤ ተፈጥሮዬን ያውቁታል፤ ይቅርታም አልጠይቅበትም። በከተማችን ስንት ቤት ዛሬ ጠዋት ዜና ሲሰማ የእርስዎ እጅ ባስማማው ማሽን መሆኑን ግን እኔ አውቃለሁ፤ ኮርቼብዎታለሁም። ሐሙስ ዕለት ቃሬዛዎ ሲነሳ የፊተኛውን ጫፍ እኔና አስፋው ያዝን። ቁመታችን እንደማይመጣጠን ያውቃሉ። እሱ ሳልጠይቀው ትከሻውን ዝቅ አደረገ፤ እኔም በጫማዬ ጫፍ ከፍ አልኩ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ዳገትም አለበት። ሳይዛነፉ ደርሰዋል፤ እትዬ። ጌታዎ ጀነቱን ይወፍቅዎ።